የአደን መሬታችን ጉዳይ እኛ በሌለንበት አዳራሽ አይወሰንብን

ለኔቫዳ ክፍለ ግዛት የዴሞክራቲክና የሪፐብሊካን ፓርቲዎች አመራሮች፣
በሁለቱም ፓርቲዎች ስም ለምትወዳደሩ እጩዎች በሙሉ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በላስ ቬጋስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አዳኞች ነን። ታክሲ እንነዳለን፣ የሆቴል ክፍሎች እናጸዳለን፣ በካሲኖ ጠረጴዛ ካርታ እናከፋፍላለን፣ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነን እናድራለን። የአደን ወቅት ሲከፈት ደግሞ የአደን ፈቃድ ዕጣ የወጣለት ጠመንጃውን፣ ያልወጣለት ስንቁን ይዞ አብረን ወደ ተራራው እንወጣለን። በአማርኛ የጻፍነው ወገኖቻችንም እንዲያነቡት ብለን ነው፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ ለጽሕፈት ቤቶቻችሁ ለብቻው ይደርሳል። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በፌብሩዋሪ 2024 የፕሬዚዳንት እጩ የምንመርጥበት ሥርዓት ለሁለት ተከፍሎ መካሄዱ ነው። ሁለተኛው በ2025 ጸደይና በጋ፣ የምናድንበትን መሬት ለሽያጭ የሚያቀርቡ ሐሳቦች በዋሽንግተን ሁለት ጊዜ ተከታትለው መምጣታቸው ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለት ጉዳዮች ለየብቻ ያያቸዋል። እኛ አንድ ናቸው እንላለን። አንድ እጩ ስለ መሬቱ በግልጽ ሊጠየቅ የሚችለው የፓርቲውን ድጋፍ ለማግኘት በሚለምንበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እኛ ሥራ ላይ ነን።

“ሐበሻና አደን ምን አገናኛቸው?” ለሚሉን አስቀድመን አጭር መልስ እንስጥ። በኔቫዳ ከአሥር ኤከር መሬት ስምንቱ ያህል የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን ወደ 48 ሚሊዮን ኤከር ያስተዳድራል። እዚያ ለመግባት የማንንም አጥር አናንኳኳም። አገር ቤት ፈቃድ ያለው አደን በአብዛኛው የደጋ አጋዘን ፍለጋ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ወደ ባሌና አርሲ ተራሮች የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው። እዚህ ታክሲ ነጂውም የካሲኖው ባለቤትም ለአጋዘን በአንድ ዕጣ ይወዳደራሉ፣ በአንድ ተራራ ይወጣሉ። ለጨረታ የሚወጡ ጥቂት ልዩ ፈቃዶች እንዳሉ አንዘነጋም፤ ብዙኃኑ ግን በዕጣው ነው። ዕጣው ያልወጣለት ለቀጣዩ ዓመት ነጥብ ይጠራቀምለታል። የተገኘው ሥጋ አይሸጥም፤ ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት እንደ ቅርጫ ለየቤቱ ይከፋፈላል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም የራሳቸውን በሥርዓታቸው ያዘጋጃሉ። ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ የአደን ጠመንጃና ጥይት ላይ 11 በመቶ የኤክሳይዝ ቀረጥ ይጣላል፤ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ባዳ አይደለንም፣ ከፋዮች ነን።

ወደ ቅሬታችን እንግባ።

በመጀመሪያ የምናነሣው ኮከስ የሚባለውን፣ የፓርቲ ሰዎች በተወሰነ ሰዓት በአካል ተሰብስበው እጩ የሚመርጡበትን አሠራር ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በ2021 ባወጡት ሕግ ኮከሱን በቅድመ ምርጫ ተክተው ነበር። ሰው ወረቀቱን በፖስታ ተቀብሎ፣ በቤቱ አንብቦና አስቦ ይመልሳል። የመጀመሪያው ምርጫም በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2024 ተካሄደ። ሆኖም የሪፐብሊካን ፓርቲ በሕግ የተዘጋጀውን ምርጫ ትቶ የራሱን ኮከስ ከሁለት ቀን በኋላ ጠራ። በቅድመ ምርጫው የተመዘገበ እጩ በኮከሱ መወዳደር አይችልም ተባለ፤ በኮከሱ ለመወዳደር ደግሞ አንድ እጩ 55,000 ዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። ዶናልድ ትራምፕ በኮከሱ ብቻ፣ ተፎካካሪያቸው ኒኪ ሄሊ በቅድመ ምርጫው ብቻ ቀረቡ። በቅድመ ምርጫው ያሸነፈው “ከእነዚህ እጩዎች ማንንም አልመርጥም” የሚለው ሳጥን ነበር። ከሁለቱ ፓርቲዎች የየትኛውም ደጋፊ ያልሆኑት አባሎቻችን እንኳን በዚህ ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ “በመሬታችን ጉዳይ የቱ ይሻለኛል?” ብሎ ለማመዛዘን የፈለገ መራጭ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አላገኛቸውም።

ሰዓቱንም ተመልከቱት። ኮከሱ ሐሙስ ዕለት ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር፤ መምረጥ የሚቻለውም በአካል በመገኘት ነው። በዚህ ከተማ ቀን 9 ሰዓት ገብቶ ሌሊት 5 ሰዓት የሚወጣ ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው። ሐሙስ ማታ ማለት ቅዳሜና እሑድን ለማሳለፍ የሚመጣው እንግዳ ከአውሮፕላን መውረድ የሚጀምርበት፣ የኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ የሚንቀሳቀስበት፣ ለሳምንቱ የቤት ኪራይ የሚሠራበት ሰዓት ነው። ማንም ሆን ብሎ እኛን ለማግለል ሰዓቱን መረጠ አላልንም። ስለ እኛ ያሰበ ሰው እንዳልነበረ ግን ከሰዓቱ ራሱ ይታያል። ከከተማ ውጭ ያሉት የአደን ጓደኞቻችን ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ በሰሜንና በምሥራቅ ኔቫዳ ቆላማው ሸለቆ እንኳን በፌብሩዋሪ በረዶ ይይዘዋል፣ መንገዱም ረጅም ነው።

ዴሞክራቶችም “ይህ የእነርሱ ጣጣ ነው” ብላችሁ አትለፉት። እስከ 2020 ድረስ ኮከስ የእናንተም መንገድ ነበር። በ2008 ለፈረቃ ሠራተኞች ተብሎ ስትሪፕ በሚባለው የላስ ቬጋስ የካሲኖ ጎዳና ሆቴሎች ውስጥ ዘጠኝ ልዩ የስብሰባ ቦታዎች ተከፈቱ፤ እነርሱን ለማስቀረት የቀረበውን ክስም ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ሠራተኛው ባለበት መሄዳችሁ ደግ ነው። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚመርጠው በአለቃውና በማኅበር ተጠሪው ፊት፣ በእጩው ስም ወደተመደበው ጥግ ሄዶ በመቆም ነበር። እኛ በቀበሌ ስብሰባ “የሚደግፍ እጁን ያውጣ” ሲባል ዙሪያውን ማን እንደሚያይ ቃኝተን እጃችንን ስናወጣ ያደግን ሰዎች ነን። ባሕር ተሻግረን የመጣነው ያንን እንደገና ለማየት አልነበረም። በ2020 የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቀናት መጨመራቸው ነገሩን አሻሽሎታል፣ አልፈታውም። ኮከስ በባሕርዩ ጊዜ ያለው ሰው የሚያሸንፍበት መድረክ ነው። በ2016 በሪፐብሊካኖች የኔቫዳ ኮከስ የተገኘው ሰው 75,000 ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር በኔቫዳ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል።

ይህ ከአጋዘንና ከተራራ ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉን ይሆናል። ጎረቤታችንን ዩታን እዩ። በ2010 ለሦስት ዘመን ያገለገሉት የሪፐብሊካኑ ሴናተር ቦብ ቤኔት ለሰፊው መራጭ ሳይቀርቡ በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ተሸነፉ። ጉባኤው 3,500 ያህል ተወካዮች የነበሩት ሲሆን፣ እነርሱን የመረጧቸው በየሠፈሩ በተደረጉ የኮከስ ስብሰባዎች የተገኙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሂደት ማይክ ሊ ወጡ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2025፣ እኒሁ ሴናተር በበጀት ሕጉ ውስጥ አንድ ሐሳብ አስገቡ፦ የመሬት አስተዳደር ቢሮና የደን አገልግሎት በ11 የምዕራብ ክፍላተ ግዛት ከያዙት መሬት ከ0.5 እስከ 0.75 በመቶ የሚሆነው ይሸጥ የሚል። ይህ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ኤከር ነው። ኔቫዳም ከአሥራ አንዱ አንዷ ነበረች። እርግጥ ነው፣ ሴናተሩ ከ2010 ወዲህ በሰፊው መራጭ ፊት ደጋግመው ቀርበው አሸንፈዋል፤ ሁሉንም ነገር በኮከስ ማሳበብ አንችልም። በሩ የተከፈተው ግን በዚያች ትንሽ አዳራሽ ነው። በዩታ የሠፈር ስብሰባ የተጀመረ ነገር እኛ በኔቫዳ የምንወጣበት ተራራ ድረስ ደረሰ፤ እኛ ደግሞ የዩታ መራጮች አይደለንም።

የቤታችንም ሰው ነበረበት። በሜይ 2025 የሰሜን ኔቫዳው ተወካይ ማርክ አሞዴይ ከዩታዋ ተወካይ ሰለስት ማሎይ ጋር ሆነው በተወካዮች ምክር ቤት የተፈጥሮ ሀብት ኮሚቴ ውስጥ ማሻሻያ አቀረቡ። በሁለቱ ክፍላተ ግዛት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤከር እንዲሸጥ የሚፈቅድ ነበር፤ የሚበዛው መሬት ያለው እዚሁ ኔቫዳ ነው። ማሻሻያው የቀረበው ቀኑን ሙሉ በዘለቀ ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት ነው። ካርታውን አይተን “ይህ እኛ የምናድንበት ሸለቆ ነው” ወይም “ይህስ ቢሸጥ ችግር የለውም” ለማለት የተሰጠን ጊዜ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሕጉ እንዲወጣ የታገሉት የሞንታናው ተወካይ ራያን ዚንኪ ናቸው። የሴናተር ሊን ሐሳብም በጁን 28 ራሳቸው መልሰው ወሰዱት፤ የአዳኞችና የዓሣ አጥማጆች ጩኸት፣ በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ የነበሩት የአይዳሆና የሞንታና ሴናተሮች ተቃውሞም አስገድዷቸዋል። በ2017ም እንዲሁ ሆኗል። የዩታው ተወካይ ጄሰን ቻፌትስ 3.3 ሚሊዮን ኤከር ለመሸጥ ያቀረቡትን ረቂቅ በቀናት ውስጥ የሳቡት አዳኞች ስለጮሁ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ ከተቆረጠ በኋላ መጮህ አለብን? ጥያቄው እጩው ሥልጣን ሳይዝ፣ ገና ድምፅ ሲለምን መቅረብ አልነበረበትምን?

እጩዎች ስንላችሁ፣ ንግግራችሁ አንድ ቦታ አይረጋም። ጃንዋሪ 2016ን እናስታውሳችሁ። ዶናልድ ትራምፕ እዚሁ ላስ ቬጋስ በነበረው የጦር መሣሪያና የአደን ዕቃ ትርኢት ላይ ለአንድ የአደን መጽሔት ቃለ ምልልስ ሲሰጡ፣ መሬቱን ለክፍላተ ግዛት የማስተላለፉን ሐሳብ እንደማይወዱት ተናገሩ። በዚያው ወር በሬኖ ጋዜጣ በስማቸው በወጣ ጽሑፍ ግን የፌዴራሉ መንግሥት በኔቫዳ መሬት ላይ ያለውን ቁጥጥር ነቀፉ። ሌላው የሪፐብሊካን እጩ ቴድ ክሩዝ በበኩላቸው ከኮከሱ በፊት መሬቱን ከፌዴራሉ እጅ አስወጣለሁ የሚል ማስታወቂያ አሠሩ። ቢያንስ የእርሳቸው ግልጽ ነበር፤ ባንስማማም ምን እንደምንቃወም አውቀናል። በ2024 ደግሞ የሁለቱም ወገን እጩዎች የፌዴራል መሬት ለቤት መሥሪያ ይውላል አሉ። የትኛው መሬት? ስንት? ገንዘቡስ ለማን? ዝርዝሩ አልተነገረንም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ እኛንም ለሁለት የሚከፍል ነውና። በስብስባችን ውስጥ ቤት የገዛው ጥቂቱ ነው። ኪራይ ያማረረው ወንድማችን “ከከተማው ጫፍ ያለው ጠፍ መሬት ቢሸጥና ቤት ቢሠራበት እኔ ምን አገባኝ?” ይላል፤ አያሳፍረውም፣ እኛም አናሳፍረውም። ለዚህ ደግሞ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በ1998 የወጣው የደቡብ ኔቫዳ የሕዝብ መሬት አስተዳደር ሕግ በላስ ቬጋስ ዙሪያ በተከለለ ወሰን ውስጥ ያለው መሬት በጨረታ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ከገቢው 5 በመቶው ለክፍለ ግዛቱ ትምህርት፣ 10 በመቶው ለውኃ ባለሥልጣኑ ይሄዳል፤ ቀሪው 85 በመቶ ለፓርኮች፣ ለጥበቃ ሥራና ዋጋ ያለው የተፈጥሮ መሬት ለመግዣ በልዩ ሒሳብ ይቀመጣል። ወሰኑ ይታወቃል፣ ገንዘቡም እዚሁ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ሽያጭ ላይ አልተነሣንም። የተነሣነው ወሰኑ ባልታወቀና ገቢው ለዋሽንግተን የበጀት ጉድለት መሙያ በሚሆን ሽያጭ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ “መኖሪያ ቤት” የሚል ስም የሚሰጥ እጩ ወይ አልገባውም፣ ወይ እኛ አይገባንም ብሏል።

“መሬቱ ለኔቫዳ ይመለስ” የምትሉም አላችሁ። ይመለስ የሚባለው ቀድሞ የነበረ ነገር ነው፤ ኔቫዳ ግን በ1864 ክፍለ ግዛት ስትሆን ላልተያዘው የሕዝብ መሬት የባለቤትነት ጥያቄ እንደማታነሣ በሕገ መንግሥቷ ጽፋለች። በ1979 የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች በመሬቱ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ አነሡ፣ አልሠራም። ዩታ በ2024 ስለ 18.5 ሚሊዮን ኤከር ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀረበችውን ክስም ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2025 ለማየት አልፈቀደም። ከሕጉ ይልቅ እኛን የሚያስፈራን ግን ታሪኩ ነው። ኔቫዳ በራሷ እጅ ከ2 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ መሬት ተሰጥቷት ነበር፤ ሁሉን ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሸጠችው። ዛሬ ለትምህርት ቤቶች ተብሎ ከተሰጠው መሬት የቀራት ጥቂት ሺህ ኤከር ነው። አንድ የሰደድ እሳት ዓመት የክፍለ ግዛቱን በጀት ሲያራቁት ቀጥሎ ምን እንደሚሸጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

የሰሜን ኔቫዳ አዳኞች ደግሞ ሌላ የቆየ ጣጣ አላቸው። ባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ መሬቱ አንዱ ለኩባንያው፣ አንዱ ለመንግሥት እየተባለ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተከፋፈለ። የሕዝብ የሆነው ካሬ በግል ካሬዎች ተከብቦ የሚቀርበት ቦታ አለ። በዋዮሚንግ ከአንዱ የሕዝብ ካሬ ወደ ሌላው ካሬዎቹ በሚገናኙበት ጥግ ተሻግረው ያለፉ አራት አዳኞች ተከስሰው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በማርች 2025 የአሥረኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ኔቫዳ ግን በዚያ ወረዳ ውስጥ አይደለችም፤ ፍርዱ እዚህ አያስገድድም። በጥጉ የሚሻገር የኔቫዳ አዳኝ ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም? ከእናንተ በአንዱ አፍ ስትነገር የሰማናት ቃል የለችም።

እንዴት እንደምታዩንም እንናገር። በአንድ የምርጫ ሰሞን የአንድ እጩ የዘመቻ ቡድን በኢትዮጵያውያን ሬስቶራንት ተገኝቶ ነበር። እንጀራ ተቆረሰ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከእኛ አንዱ እጁን አንሥቶ በዴዘርት የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ ስላለው የበረሃ በግ አደንና የጦር ኃይሉ መሬቱን ለመያዝ ስላቀረበው ጥያቄ ጠየቀ። የቡድኑ ተናጋሪ ፈገግ ብሎ “ስለ ኢሚግሬሽን መጠየቅ አትፈልጉም?” አለ። እንፈልጋለን፤ ግን የተጠየቀው እርሱ አልነበረም። ያ መጠለያ በ1936 ለበረሃ በጎች ሲባል የተቋቋመ፣ ከከተማችን በስተ ሰሜን ያለ 1.6 ሚሊዮን ኤከር የሚያህል መሬት ነው። ጥያቄው የማንኛውም የላስ ቬጋስ ነዋሪ ጥያቄ ነው። ለሌላ እጩ በጽሑፍ የላክነው ጥያቄ ደግሞ እጩው “ከቤት ውጭ መዝናናትን እንደሚወዱ” በሚገልጽ ደብዳቤ ተመለሰ። እኛም እንወዳለን። የጠየቅነው ድምፃቸውን ምን ላይ እንደሚሰጡ ነበር።

ብዙዎቻችን በመራጭነት የተመዘገብነው የፓርቲ አባል ሳንሆን እንደሆነም ልናስታውቃችሁ እንወዳለን። በኔቫዳ ፓርቲ የሌለው መራጭ ዛሬ ከሁለቱ ፓርቲዎች ከእያንዳንዳቸው አባላት ይበልጣል። ሆኖም ለቅድመ ምርጫው በሩ ዝግ ነው። ቅድመ ምርጫውን ለሁሉም ይከፍት የነበረው፣ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው ሦስተኛው ጥያቄ በ2022 አለፈ፣ በ2024 ወደቀ፤ የሕዝብ ውሳኔ ነውና አንከራከረውም። ከዚያ በኋላ ግን ለእኛ የሚተርፈው ሌሎች የመረጧቸውን ሁለት ሰዎች በኖቬምበር መቀበል ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የሁለቱም ፓርቲዎች አመራሮች በ2028 የፕሬዚዳንት እጩ ምርጫ ኮከስ እንደማትጠሩና በሕግ በተዘጋጀው ቅድመ ምርጫ ብቻ እንደምትጠቀሙ ከወዲሁ በጽሑፍ አስታውቁ። እጩን በአንዱ ሲመዘገብ ከሌላው የሚያግድ ደንብ አታውጡ። ፓርቲ ለሌለን መራጮችም ቅድመ ምርጫውን የምትከፍቱበትን መንገድ በየጉባኤያችሁ አንሡት።

ለኮንግረስም ሆነ ለክፍለ ግዛቱ ሥልጣን የምትወዳደሩ እጩዎች ለሚከተሉት ጥያቄዎች ከቅድመ ምርጫው በፊት በስማችሁ የተፈረመ መልስ ስጡ። የፌዴራል መሬትን በበጀት ሕግ ውስጥ አስገብቶ ለመሸጥ ድምፅ ትሰጣላችሁ? በ1998ቱ ሕግ ከተከለለው ወሰን ውጭ የሚደረግ ሽያጭን ትደግፋላችሁ? ከደገፋችሁስ በየትኛው ካርታ፣ ገቢውስ ለማን? መሬቱ ወደ ክፍለ ግዛቱ እንዲተላለፍ ትፈልጋላችሁ? በዳማው መሬት በጥግ መሻገር በኔቫዳ ሕጋዊ እንዲሆን ትሠራላችሁ? “አዎ” ወይም “አይደለም” ይበቃናል፤ የተፈጥሮ ፍቅራችሁን በሌላ ጊዜ ትነግሩናላችሁ።

በዋሽንግተን የምትወክሉን ደግሞ፣ የኔቫዳን መሬት የሚነካ ማንኛውም የሽያጭ ሐሳብ ኮሚቴ ፊት ከመቅረቡ ቢያንስ ሠላሳ ቀን በፊት ካርታው ታትሞ እንዲወጣ፣ በሚነካው አውራጃም ሕዝባዊ ስብሰባ እንዲደረግ አድርጉ። በላስ ቬጋስ ስብሰባ ስትጠሩ አንዱን በጠዋት፣ አንዱን በማታ አድርጉት። የጠዋቱ ከሌሊት ሥራ ለሚወጡት፣ የማታው ለቀን ሠራተኞች ይሆናል። አማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ከእኛ መካከል በነጻ የሚያገለግል አለ።

መልሳችሁን በደረሰን ቃል ሳንጨምርበትና ሳንቀንስበት ወደ አማርኛ መልሰን ለወገኖቻችን እናሰራጫለን። ያልመለሰ እጩም ስሙ በዝርዝሩ ላይ “አልመለሰም” ከሚል ማስታወሻ ጋር ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣

በላስ ቬጋስና አካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አዳኞች ስም፣
የስብስቡ ጸሐፊ